ካርዱን ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙን ክፈቱ

በደሴ ለጌም ወዳጅ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል

እንደምን ዋላችሁ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ የመጣችሁም፣ ከፒያሳና ከሰኞ ገበያ በእግራችሁ የደረሳችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ከልጆቻችሁ ጋር የመጣችሁ አባቶችና እናቶችን በተለየ አመሰግናለሁ። ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከእናንተ ኪስ ስለሆነ ነገሩን አብራችሁ መስማታችሁ ደስ ብሎኛል።

የዛሬው ርዕስ በትንሽ ገንዘብ ለጌም የሚሆን ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም የጌሙን ምስል ስሎ ወደ ስክሪን የሚያወጣውን ዕቃ፣ መምረጥ ነው። ኮምፒውተር ስጠግን በየጊዜው የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «በዚህ ብር የትኛውን ካርድ ልግዛ?» ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ኮምፒውተርህ ምን ዓይነት ነው? ኃይል የሚያድለው ፓወር ሰፕላዩ ስንት ዋት ነው?» አብዛኛው ልጅ እዚህ ላይ ዝም ይላል። ስለ ካርዱ ግን ሁሉንም ያውቃል። በሰከንድ ስንት ፍሬም፣ ስንት ምስል፣ እንደሚሰጥ፣ ከየትኛው እንደሚበልጥ በቃሉ ይነግርሃል። ካርዱ የሚገባበትን ሳጥን ግን ከፍቶ አያውቅም።

የምለምናችሁ ይኼን ነው። ካርድ ለመምረጥ ከካርዱ አትጀምሩ። ከኬዙ፣ ከሳጥኑ ጀምሩ። ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ላይ ነው።

ምክንያቱም እኛ ከተማ ውስጥ የጌም ኮምፒውተር ከባዶ ገጣጥሞ የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን ያለን ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ወይም ፕሮዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር። ጠንካራ ዕቃዎች ናቸው፤ አልንቃቸውም። ኮር አይ ፋይቭ 4ኛ ወይም 6ኛ ጀነሬሽን ይዘው ዛሬም ሥራ ይሠራሉ። የተሠሩት ግን ለደብዳቤና ለሂሳብ ነው። ፓወር ሰፕላያቸውም የተሰፈረው በዚያው ልክ ነው።

በተለይ ስሊም የምንላቸው ቀጫጭኖቹ። የእነሱ ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ከ180 እስከ 260 ዋት ነው። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድም የላቸውም። ካርዱ ኃይል ማግኘት የሚችለው ሁሉም ዕቃ ከሚሰካበት ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ ብቻ ነው። ያ ማስገቢያ ደግሞ ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚበላ ካርድ ባለ 6 ፒን ገመድ ይፈልጋል፤ እሱ ሌላ 75 ዋት ይጨምራል። ባለ 8 ፒን ከሆነ 150 ዋት።

አሁን አርኤክስ 580 የሚባለውን ካርድ አስቡት። ገበያ ላይ ያገለገለው ብዙ ነው፤ ዋጋውም ያጓጓል። ብቻውን ግን ወደ 185 ዋት ይበላል። ይኼን ባለ 240 ዋት ስሊም ላይ ማሰብ ባቲ ገበያ ወርዶ የግመል ጭነት ገዝቶ በአህያ ልጫን እንደማለት ነው።

«አዳፕተር አለ» የሚል ሻጭ ታገኛላችሁ። ከሃርድ ዲስክ የኃይል ገመድ ወደ ባለ 6 ፒን የሚቀይረውን ማለቱ ነው። እባካችሁ እሱን አትንኩ። ያ የሃርድ ዲስክ ገመድ፣ ሳታ የሚባለው፣ በ12 ቮልት እንዲሸከም የተሠራው 54 ዋት ብቻ ነው። ካርዱ ከዚያ በላይ ሲጠይቀው ፕላስቲኩ ይቀልጣል። አንዳንዴም እሳት ይነሳል። ወላጆች ይኼን ብቻ እንኳ ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል። ልጁ የሚጫወተው ማታ ነው፤ ቤተሰቡ ተኝቶ።

«ታዲያ ፓወር ሰፕላዩን ልቀይረዋ» የሚልም አለ። ታወር፣ ማለትም ሰፊው ቋሚ ኬዝ፣ ከሆነ ሊሆን ይችላል። ስሊም ላይ ግን መደበኛው ፓወር ሰፕላይ በመጠኑ አይገባም። ደግሞ ብዙዎቹ የዴልና የኤችፒ ማዘርቦርዶች መደበኛውን ባለ 24 ፒን ሶኬት አይጠቀሙም። የራሳቸው ሶኬት ነው ያላቸው። ለማዘርቦርዱ የሚሆን መቀየሪያ ገመድ ይሸጣል፤ ሞዴሉን በትክክል አውቃችሁ ካልገዛችሁ ግን ማዘርቦርዱን ታቃጥላላችሁ።

ታወር ያላችሁ፣ ወይም ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ያለው ኬዝ የገዛችሁ፣ የፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር አትመኑ። 500 ዋት ተብሎ ይጻፍበታል፤ ስታነሱት ግን ይቀላል። የምታነቡት በ12 ቮልት ትይዩ ያለውን አምፔር ነው። 12 ቮልት ላይ 18 አምፔር ካለ፣ 12 ጊዜ 18 ብላችሁ 216 ዋት ታገኛላችሁ። ለፕሮሰሰሩና ለካርዱ ያላችሁ እውነተኛ ጉልበት እሱ ነው። ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ከኋላ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለው። የእኛ መብራት 220 ነው። 115 ላይ ሆኖ ከሰካችሁት በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል። ሳትሰኩ በፊት ተመልከቱ።

ኃይሉን ከጨረስን ወደ ማስገቢያው እንሂድ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንዱ ቁመት ነው። ስሊም ኬዝ የሚቀበለው አጭሩን፣ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን ካርድ ነው። ስትገዙ ካርዱን ከኬዙ ጋር የሚያስረው አጭሩ ብረት አብሮ መኖሩን አረጋግጡ። ሁለተኛው የማስገቢያው ፍጥነት ነው። አርኤክስ 6400 እና አርኤክስ 6500 ኤክስቲ፣ ካርድ ሠሪው ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣቸው፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገሩት በ4 መስመር ብቻ ነው። መደበኛው 16 ነው። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ፣ ማለትም ማስገቢያው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0 በሆነበት ላይ፣ ይኼ ብዙም አይጎዳም። የእኛ አሮጌ ኮምፒውተሮች ግን 3.0 ናቸው፤ 2ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ያላቸው ደግሞ 2.0። እዚያ ላይ የካርዱ 4 ጊጋ ሚሞሪ ሲሞላ ጌሙ ስታክ ማድረግ፣ መቆራረጥ ይጀምራል። ዩቲዩብ ላይ ያያችሁት ፍጥነት ቤታችሁ ላይ አይመጣም።

የኢንቴል አርክ ካርዶችም እንደዚሁ ናቸው። ኤ380 በወረቀት ላይ ያምራል፤ 6 ጊጋ ሚሞሪ አለው። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሚሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲደርስበት የሚያደርግ፣ ሪሳይዘብል ባር የሚባል አሠራር ይፈልጋል። ኢንቴል ራሱ ለአርክ የሚመክረው ከ10ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ነው። 4ኛ ጀነሬሽን ኦፕቲፕሌክስ ላይ ብትሰኩት ጉልበቱ በጣም ይወርዳል። ሰው ይኼን ሳያውቅ «አዲስ ስለሆነ ይሻላል» ብሎ ሲገዛ ሳይ ያመኛል።

ሌላው የሚረሳው ሞኒተሩ ነው። እኔ ግን በጣም ነው የምወደው፤ ምክንያቱም ገንዘብ የሚያድነው እሱ ነው። ብዙዎቻችን ያለን ሞኒተር 1280 በ1024 ወይም 1600 በ900 ነው። ፉል ኤችዲ፣ ማለትም 1920 በ1080፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው። 1600 በ900 ግን አንድ ሚሊዮን ከአራት መቶ አርባ ሺህ ነው። ካርዱ በየፍሬሙ የሚስለው 30 በመቶ ያነሰ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለፉል ኤችዲ ደከመ የተባለ ካርድ እናንተ ጋ ደህና ሊሠራ ይችላል። ሞኒተራችሁ ባለ 60 ሄርዝ ከሆነም በሰከንድ ከ60 ፍሬም በላይ አያሳያችሁም። ለ140 ፍሬም ብላችሁ አትክፈሉ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አሮጌ ሞኒተር ብዙ ጊዜ ያለው ሰማያዊው የቪጂኤ ሶኬት ነው። የሌላው ካርድ ሠሪ የኤንቪዲያ ካርዶች ከ10 ተከታታይ፣ ማለትም እንደ ጂቲኤክስ 1050 ካሉት ጀምሮ ቪጂኤ የላቸውም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልጋችኋል። ርካሽ ነው። ገመዱን ብቻ የሚመስለውን ሳይሆን ውስጡ መቀየሪያ ያለውን ግዙ።

እሺ፣ ወደ ካርዶቹ። የእኔን ምርጫ በግልጽ እነግራችኋለሁ።

ስሊም ካላችሁ ምርጫችሁ ጠባብ ነው፤ ያ ደግሞ ነገሩን ያቀለዋል። አቅም ካላችሁ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ነው፤ 70 ዋት ይበላል፤ ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም፤ አጭር ሞዴልም አለው። እሱ ከከበዳችሁ ጂቲኤክስ 1650። እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ፣ 4 ጊጋ፣ 75 ዋት። አንዳንዱ 1650 ግን ባለ 6 ፒን ሶኬት አለው፤ ሳታዩ አትግዙ። ከዚያ ዝቅ ካለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ። የብዙ ሰው የመጀመሪያ ካርድ እሱ ነው፤ አከብረዋለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ተቀይሯል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 በኋላ 1050 ቲአይ ላለበት ለ10 ተከታታይ ካርዶች አዲስ የጌም ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከጌሙ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር፣ መሥራት አቁሟል። የሚቀጥለው የደህንነት ማሻሻያ ብቻ ነው። 1650 ግን አሁንም ድራይቨር ይመጣለታል። ስለዚህ ሁለቱ በዋጋ ከተቀራረቡ ዓይናችሁን ሳታሹ 1650ን ያዙ።

ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ያለው ታወር ካላችሁ ነገሩ ይሰፋል። እኔ የምለው አርኤክስ 6600 ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ 8 ጊጋ፣ ወደ 132 ዋት፣ አንድ ባለ 8 ፒን ገመድ። ለሚበላው መብራት የሚሰጠው ብዙ ነው። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋውም ድንቅ ነው፤ 170 ዋት ይፈልጋል። ነገር ግን ፕሮሰሰራችሁ 4ኛ ጀነሬሽን ከሆነ ከዚህ በላይ ካርድ መግዛት ትርፉ ትንሽ ነው። ፕሮሰሰሩ አይደርስበትም። ራማችሁ አንድ ባለ 4 ጊጋ ብቻ ከሆነ ደግሞ ካርዱን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ራም ግዙ።

የምትጫወቱትን ጌምም አስቡ። እዚህ አገር ከሁሉ በላይ የሚጫወተው ኳስ ነው። ኢኤ ኤፍሲ 25 የሚጠይቀው ትንሹ ካርድ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም አርኤክስ 570 ነው። ጂቲኤ 5 ከዚያም በጣም ያነሰ ይበቃዋል። ቫሎራንት ያለ ካርድም ይንቀሳቀሳል። በሌላ በኩል አዳዲስ ትልልቅ ጌሞች መጥተዋል፤ ሬይ ትሬሲንግ፣ ማለትም ብርሃንን እንደ እውነተኛው የማስላት ችሎታ፣ የሌለው ካርድ ላይ ጨርሶ የማይነሱ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም እንደዚያ ነው። 1650 ላይ ዝቅ አድርጌ እጫወተዋለሁ ብትሉም አይከፈትም። ልባችሁ እዚያ ላይ ከሆነ አሁን ርካሹን ከመግዛት ቆይቶ መቆጠብ ይሻላል።

አሁን የሚያሳስበኝ ክፍል መጣ። ማታለል።

ዋጋ ዶላርን ይከተላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የካርድ ዋጋ በብር ምን ያህል እንደወጣ ታውቃላችሁ። ዋጋ ሲከብድ ያገለገለ ይፈለጋል። ያገለገለ ሲፈለግ ደግሞ ሐሰተኛው ይገባል። የቆየው ዘዴ አሮጌ ካርድ ወስዶ ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር መቀየር ነው። ከ2010 እና ከ2011 እ.ኤ.አ. የቀሩ እንደ ጂቲኤስ 450 ያሉ ካርዶች ዊንዶውስ ላይ «1050 ቲአይ» ብለው ይታያሉ። ስቲከሩም ሳጥኑም እንደዚያው ይላል። ጌም ስትከፍቱ ግን ይወድቃል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ነፃም ነው። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ክፈቱት። የተጭበረበረ የኤንቪዲያ ካርድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ራሱ «ፌክ» ብሎ ከስሙ ጎን ይጽፍላችኋል። ያንን ባይጽፍም ሼደር የሚለውን፣ የካርዱን ትንንሽ የማስሊያ ክፍሎች ቁጥር እዩ። እውነተኛ 1050 ቲአይ 768 አለው። 1650 ደግሞ 896። አርኤክስ 580 ሲሆን 2304። እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ 2048 የሚል አርኤክስ 580 በብዛት አለ። እሱ ሐሰተኛ አይደለም፤ ፋብሪካው ራሱ በዚያ ስም የሸጠው ነው። ጉልበቱ ግን የ570 ነው፤ ዋጋውም የ570 መሆን አለበት።

ስም አንድ ሆኖ ካርዱ የሚለያይበት ሌላም ቦታ አለ። ጂቲ 1030 በሁለት ዓይነት ሚሞሪ ይሸጣል፤ ዲዲአር4 ያለው ከጂዲዲአር5ቱ በጣም ይዘገያል። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋው ከባለ 6 ጊጋው የሚያንሰው በሚሞሪ ብቻ ሳይሆን በቺፑም ነው። የባለ 6 ጊጋው 3050ም ከባለ 8 ጊጋው ደካማ ነው። ሻጩ «3050 ነው» ብሎ ሊሸጥላችሁ ይችላል። ሁለቱም 3050 ናቸውና አልዋሸም። እናንተ ግን የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ከጂፒዩ-ዚ በኋላ ካርዱን በሙሉ ጉልበቱ የሚያሠራውን መፈተኛ ፕሮግራም፣ ፈርማርክን ክፈቱና ሃያ ደቂቃ ይሩጥ። ስክሪኑ ላይ የማይገባ ነጥብ፣ መስመር፣ ብልጭታ ካያችሁ ተሰናበቱ። ሙቀቱ ወጥቶ 80ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከረጋ ያገለገለ ካርድ ነውና ይታለፋል። 90 ካለፈ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ፓስቱ ደርቋል ወይም ፋኑ ደክሟል። የካርዱን ብሎኖች እዩ፤ ተፍቀው ከሆነ ተከፍቶ ነበር። አሽትቱት፤ የተቃጠለ ሽታ አይደበቅም። «ማይኒንግ የሠራ፣ ዲጂታል ገንዘብ ሲያወጣ የቆየ ነው ወይ?» ትሉኛላችሁ። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ካርድ ወደማይፈልግ አሠራር ከቀየረ በኋላ ብዙ እንዲህ ያለ ካርድ ወደ ገበያ ወጥቷል። ማይኒንግ በመሥራቱ ብቻ አልጥለውም። ፋኑና ፓስቱ ተቀይሮ ፈተናውን ካለፈ ይሠራል። ዋጋው ግን መቀነስ አለበት።

ሻጩ «አላስፈትንም» ካለ? አብሽሩ፤ ሌላ ካርድ አለ። ተዉትና ሂዱ። በቴሌግራም ብር አስቀድሞ ላኩ የሚላችሁን ደግሞ ጨርሶ አትስሙት። አንድ ልጅ ወራት አጠራቅሞ የሚገዛው ዕቃ ነው። የመፈተን መብት አለው። እዚህ የተቀመጣችሁ ሻጮችም ካላችሁ፣ ጠረጴዛችሁ ላይ አንድ መፈተኛ ኮምፒውተር አቁሙ። ደንበኛ የሚመለስላችሁ በዚያ ነው።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልበል። ደሴ ብርድ ናት፤ ካርድ አይሞቅም ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። እዚህ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋን የሚገፋው አየር ሲሳሳ የሚወስደው ሙቀትም ይቀንሳል። ብርዱ ያንን ያካክሳል እንጂ በነፃ አልተሰጠንም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ከፍታችሁ ዝቅ ይላል፤ ግን ሙቀትና አቧራ አለባችሁ። ኬዙን በየጊዜው ከፍታችሁ አቧራውን በብሩሽ አውጡ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ከሶኬቱ ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚመጣበትን አመጣጥ ታውቁታላችሁ።

ጥያቄዎች ነበሩ። አንድ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ላፕቶፕ ላይ ካርድ መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። በውጭ ሳጥን የሚያገናኙ ላፕቶፖች አሉ። ሳጥኑና ካርዱ ተደምሮ ግን ያገለገለ ዴስክቶፕ ከነካርዱ ይገዛል። ስለዚህ አልመክርም።

አንዲት እናት ደግሞ «ይኼ ዕቃ ለጨዋታ ብቻ ነው ወይስ ለትምህርቱም ይረዳዋል?» አሉኝ። እናቴ፣ ይረዳዋል። ቪዲዮ ማቀናበር፣ የሕንፃ ዲዛይን፣ ሥሪዲ አኒሜሽን ሁሉ በካርድ ይፈጥናል። ይኼ ከታሰበ ግን ምርጫው ይቀየራል። አርኤክስ 6400 ቪዲዮ የሚቀርጽ ክፍል ስለሌለው ለዚህ አይሆንም። ብሌንደር የሚባለውን የሥሪዲ ፕሮግራም የሚማር ልጅ ደግሞ አርኤክስ 570 እና 580ን ይተው፤ ፕሮግራሙ ከ3.0 ስሪቱ ጀምሮ በእነሱ ላይ ሬንደር አያደርግም፤ የመጨረሻውን ምስል በካርዱ አያወጣም። ለእሱ በጌም ፍጥነት ትንሽ ቢያንስም ጂቲኤክስ 1650ን ይያዝ። አቅም ሲገኝ 3050ን። ልጅዎ ኮምፒውተሩ ስሊም ይሁን ታወር አላወቀም ነበርና፣ ዛሬ ማታ ኬዙን ከፍቶ የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ በስልኩ ፎቶ ያንሳና ነገ ያሳየኝ።